ሃያ ክንድ ሽቦ

«እጅሽን ለምን ጨበጥሽው?»

እህቴ ይህን ስትጠይቀኝ አሥር ዓመቴ ነበር። በአባታችን ሱቅ ውስጥ የተቃጠለ ፊውዝ ይሸታል፤ አራት ሰው ዓይኑን እጄ ላይ ተክሎ ቆሟል። መልሱን አውቀው ነበር፤ አፌ ላይ ግን አልመጣ አለኝ። ዛሬ ሱቁ የእኔ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የጎልማሶች ትምህርት እየገባሁ ማንበብና ማስላት እማራለሁ። ያን ጥያቄ ከነመልሱ ለመጻፍ የበቃሁት ገና ዘንድሮ ነውና ከመጀመሪያው ልጀምር።

አባዬ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጠጋኝ ነበር። መጠገን ብቻ ሳይሆን የምድጃውን ሽቦ ራሱ ያበጃል። ከትልቁ ጥቅል ላይ ቀጭን ሽቦ ይመዝዛል፣ ይለካል፣ ይቆርጣል፤ ከዚያ በቀጭን ብረት ላይ እያሽከረከረ እንደ ጸጉር ይጠቀልለውና በሸክላው ቦይ ውስጥ እያዞረ ያስተኛዋል። ሶኬቱ ሲሰካ ሽቦው መጀመሪያ ይሸታል፤ ቀጥሎ ቀስ ብሎ ይንጣጣል፤ ከዚያ ከመሃል ጀምሮ እየቀላ ይሄዳል። ያቺ ቅላት እስክትመጣ ትንፋሼን ይዤ እጠብቅ ነበር። ሺህ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ሺህ ጊዜም እንደ አዲስ ልቤ ዘሏል።

የሱቁ ሜትር እኔ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ዓመቴ ሳለ አባዬ አንድ ጥሩ የፋብሪካ ሽቦ አገኘና ርዝመቱን ለመያዝ ዘረጋው። የብረት ሜትር አጥቶ አይደለም፤ ሜትሩ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ አይችልም። እስከ ሃያ ግን አሳምሮ ይቆጥራል። በራሱ ክንድ ሲለካው አሥራ ሦስት ሆኖ ትርፍ መጣ። አባዬ ደግሞ ትርፍ የሚባል ነገር አይወድም። እኔ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ እግሬን እያወዛወዝኩ ነበር። ክንዴን ያዘና ሽቦውን ከክርኔ እስከ መሃል ጣቴ ጫፍ አስኬደው። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሃያ ሲል ሽቦው ጣቴ ጫፍ ላይ አለቀ። አላነሰም፣ አልተረፈም።

«በቃ፣ ልኬን አገኘሁ» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ክንዴ» ሆነ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር አባዬ፣ «የሰው ሜትር ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የእኔ ሜትር ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ሲያሰኛት ደግሞ ታኮርፋለች» ይላል። ደንበኛው ይስቃል። እኔ ክንዴን ዘርግቼ፣ አገጬን ቀና አድርጌ፣ ሽቦው ቆዳዬ ላይ ሲሮጥ የሚያሳክከኝን እየቻልኩ ቁጥሩን እጠራለሁ። አባዬ ቁጥሩ እንዳይጠፋበት ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ «አንድ» ስል ይስባል፤ «ሁለት» ስል ይስባል። ሃያ ስል መቁረጫው ቀጭ ይላል።

ታላቅ እህቴን «እታለም» እያልኩ ነው የምጠራት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። እናታችን ካረፈች ወዲህ እታለም ትምህርት ቤት ስትውል የሽቦውን ጫፍ የምይዝ እኔ ብቻ ነበርኩ። የእኔ ትምህርት በየዓመቱ ይነሳል። «በሚመጣው ዓመት» ይባላል። የሚመጣው ዓመት ይመጣል። «በሚመጣው ዓመት» ይባላል። እኔ ቅር ብሎኝ አያውቅም። እታለም ደብተር አላት፤ እኔ ክንድ አለኝ። ማን እንደሚበልጥ ብትጠይቁኝ አላመነታም ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ የወጥ ቤት ኃላፊ አንድ ምድጃ አቅፎ መጣ። ከራሱ ላይ ኮፍያ አውርዶ ስለማያውቅ «ባለ ኮፍያው» እንለዋለን። ምድጃውን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገው።

«ባለሙያው፣ ይሄ ምድጃህ ውሃ አያፈላም። ለውሃው ያዝንለታል።»

«ኃይሉ ደክሞ ነው» አለ አባዬ። ሁልጊዜ የሚለው ይህንኑ ነው። ምድጃ ሲለግም ኃይሉ ደክሞ ነው፤ አምፖል ሲደበዝዝ ኃይሉ ደክሞ ነው።

«ኃይሉማ ለሁሉም ያው ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የሠራህልኝ አሮጌው ምድጃ እስከ ዛሬ ድስት ያስጨፍራል። የለገሙት እነዚህ አዲሶቹ አሥራ ሁለቱ ናቸው። ነገ እኩለ ቀን ላይ እመለሳለሁ። ይህን አንዱን አስተካክለህ ካሳየኸኝ አሥራ ሁለቱም ያንተ ናቸው። ካልሆነ ግን የሆስፒታሉን ሥራ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። አትቀየመኝ፤ እኔም አለቃ አለብኝ።»

የሆስፒታሉ ሥራ የሱቃችን ግማሽ ነበር። አባዬ ምድጃውን እያገላበጠ ቀረ። ባለ ኮፍያው ገና ጥግ ሳይታጠፍ አክስቴ ቦርሳዋን ይዛ ገባች። የእናቴ እህት ናት፤ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ትኖራለች። ስትመጣ ቤቱ ይሞቃል። «እንዴት ረዝማለች ይቺ» ብላ ሳመችኝ። ያን ጊዜ ምስጋና መስሎኝ ደስ አለኝ።

እታለም ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባዬ የሆነውን ነገራት። ደብተሯን ጣለችና ወደ መጣችበት ሮጠች። ተመልሳ ስትመጣ እያለከለከች ነበር፤ ደረቷ ላይ የመስታወት ፊት ያለው ጥቁር ሳጥን አቅፋለች።

«የሳይንስ አስተማሪያችን እስከ ሰኞ አዋሰኝ» አለች። «አባዬ፣ ዛሬ መገመት የለም። እንለካለን።»

በመስታወቱ ውስጥ እንደ ድመት ጢም የቀጠነች መርፌ አለች። እኔ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ቆምኩ።

«መጀመሪያ ኃይሉን እንጠይቀው» አለች እታለም፤ ሽቦዎቹን ሶኬቱ ላይ አገናኘች። መርፌዋ ዘለለችና ቆመች። «ሁለት መቶ ሃያ ቮልት። አባዬ፣ ኃይሉ አልደከመም።»

«ታዲያ ማን ነው የደከመው?»

እታለም የለገመውን ምድጃ አስገባችበት። መርፌዋ ቀስ ብላ ተነሳች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ እዚያው ቀረች። «አራት አምፔር» አለች። ቀጥላ ከጓዳ የራሳችንን ምድጃ አመጣች፤ አባዬ በመጀመሪያው ዓመት፣ በመጀመሪያው ሃያ ክንድ የሠራውን። መርፌዋ አራትን አልፋ አምስት ላይ ቆመች። እኔ አጨበጨብኩ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። መርፌዋ ያሸነፈች መሰለኝ።

እታለም ጠመኔ አነሳችና ጠረጴዛው ላይ መጻፍ ጀመረች። እየጻፈች ለእኔ ታስረዳኛለች፤ አባዬ ያልሰማ መስሎ ይሰማል።

«ቮልቱ የሚገፋው ነው። አምፔሩ የሚያልፈው ነው። ሽቦው ደግሞ መሃል ቆሞ እምቢ ይላል። የእምቢታው ልክ ሬዚስታንስ ይባላል። የሚገፋውን ለሚያልፈው ስታካፍዪው እምቢታውን ታገኚዋለሽ። ሁለት መቶ ሃያ ለአምስት፣ አርባ አራት። ይሄ የድሮው ነው። ሁለት መቶ ሃያ ለአራት፣ ሃምሳ አምስት። ይሄ የአዲሱ። አየሽ? አዲሱ ሽቦ እምቢታው በዝቷል።»

«እና?» አለች አክስቴ ከበሩ ላይ።

«እናማ የምድጃው ጉልበት በማባዛት ይገኛል። የድሮው ሁለት መቶ ሃያ በአምስት፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዋት። አዲሱ ሁለት መቶ ሃያ በአራት፣ ስምንት መቶ ሰማንያ። ሁለት መቶ ሃያ ዋት ጠፍቷል።»

«ማን ወሰደው?» አልኩ። ሌባ ያለ መስሎኝ ልቤ ይመታል።

«ርዝመቱ ወሰደው። ሽቦ ሲረዝም እምቢታው ይበዛል። አባዬ፣ ሽቦው ረዝሟል።»

አባዬ ተቆጣ። «ሽቦው ያው ሽቦ ነው። ልኩም ያው ሃያ ክንድ። አንድ ቀን አሥራ ዘጠኝ፣ አንድ ቀን ሃያ አንድ ቆርጬ አላውቅም። የእኔ ሜትር ትበላለች፣ ትጠጣለች…»

መሃል ላይ አቆመ። እታለም ወደ እኔ ዞራ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ በዓይኗ ለካችኝ።

«ታድጋለችም፣ አባዬ» አለች።

አባዬ የዕቃ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አክስቴ የበሩን መቃን ይዛ ሳቀች። እታለም ሳቀች። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ክንዴን ዘርግቼ አየሁት። ሌባው እሱ ነው።

እታለም አሁንም ታሰላለች። «ከአምስት እጅ አንዱ ትርፍ ነው። ሃያ ክንድ ውስጥ አራቱ ትርፍ ማለት ነው። አባዬ፣ ከነገ ጀምሮ አሥራ ስድስት ቁረጥ።»

«አሥራ ስድስት» አለ አባዬ፣ ልጁን እንደ እንግዳ ሰው እያያት። «አሥራ ስድስት።»

ሲመሽ ትልልቆቹ ጓዳ ገቡ። በሱቁና በጓዳው መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። እኔ ከሽቦው ጥቅል ኋላ ቁጭ ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ።

«ትንሿን ስጠኝ ብዬህ ስንት ጊዜዬ ነው» ትላለች አክስቴ። «ቦታ ለምኜ ይዤላታለሁ። ጠዋት ይዣት እወጣለሁ፤ ከሰዓት ይዣት እመለሳለሁ። አሁን ካልሄደች ይዘጋባታል።»

«ሽቦ ማን ይይዝልኛል?»

«እኔ አለሁ» አለች እታለም። «ስምንተኛን ስጨርስ እዚሁ ካንተ ጋር እሠራለሁ። የእሷ ክንድ እንደሆን ከእንግዲህ አያገለግልህም። አንተው አየኸው።»

አባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አምስት ዓመት ሙሉ አጠፋሁ» አለ። «አምስት ዓመት። ዛሬ ገና ታየኝ። እሺ፣ ነገ ይዘሻት ሂጂ።»

አምስት ዓመት። ቆጠርኩት። ክንዴን መለካት ከጀመረ አምስት ዓመቱ ነው። በአምስት ዓመት ስንት ሽቦ እንዳባከንኩበት ለመገመት ሞከርኩ፤ ጥቅሉ ጣሪያ ድረስ ታየኝ። ለካ የሚያባርሩኝ ለዚህ ነው። ረዝሜያለሁ፤ አላገለግልም፤ አክስቴ ወስዳ አንድ የሚዘጋ ነገር ውስጥ ታስገባኛለች። እታለም እንኳ «አያገለግልህም» አለች። እታለም፣ ማበጠሪያዋን የምታካፍለኝ እህቴ።

አባዬ ስለ ሽቦ አልነበረም የሚናገረው። ዛሬ እኔ ራሴ እናት ሆኜ ያቺን ዓረፍተ ነገር በሰማሁበት ድምፅ ሳስታውሳት ሌላ ነገር ትናገራለች። «ትምህርት ቤት» የሚለውን ቃል ግን ያን ማታ ከመጋረጃው ጀርባ ማንም አላነሳም። ሁሉም የሚያውቁት ነገር ስለሆነ ማንሳት አላስፈለጋቸውም። ከዚህም የተነሳ ዛሬ ስለ ልጆቼ ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ስንነጋገር ልጆቹን አጠገቤ አስቀምጣለሁ፤ እያንዳንዱንም ነገር በስሙ እጠራለሁ። ባለቤቴ «አበዛሽው» ይለኛል። ይበለኝ።

ጠዋት ስነሳ እታለም አዲስ ቀሚስ ጠርዙን ስትሰፋ አገኘኋት። የእኔ ልኬት ነው። ቦርሳ ውስጥ ደግሞ የታጠፉ ልብሶቼ አሉ፤ ከላያቸው አዲስ ደብተርና እርሳስ ተቀምጧል። ደብተሩን የእሷ መስሎኝ ለምን በእኔ ቦርሳ ውስጥ እንደረሳችው አልገባኝም። አለቀስኩ እንዳትሉኝ። ሐሳብ መጣልኝ።

ክንዴ ከረዘመ ማሳጠር ነው። ጣቶቼን አጠፍኩ፤ ጨበጥኩ፤ ከክርኔ እስከ ጭብጤ አየሁት። የትንሽ ልጅ ክንድ ሆነ። ከደስታዬ ብዛት ጠረጴዛው ስር ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ። እንዲህ የሚቀል ነገር ለምን ለአንዳቸውም አልታያቸውም? አባዬ ይቆርጣል፣ ሽቦው ልክ ይሆናል፣ ባለ ኮፍያው ይደሰታል፣ እኔ እቀራለሁ።

እታለም በር ላይ መለኪያውን ስታገናኝ አባዬ ጠራኝ። «ነይ ክንዴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ዛሬ አሥራ ስድስት ነው።» እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ጨበጥኩ። «አንድ። ሁለት። ሦስት።» ለምን አሥራ ስድስት እንደሆነ አልጠየቅሁም። የእህቴ ቁጥር እኔ ያደግሁትን ያህል ቀድሞ የቀነሰ መሆኑን ከየት ላውቀው? አንዱን ጥፋት ሁለት ጊዜ ቀነስነው፤ እሷ በጠመኔ፣ እኔ በጭብጤ።

እኩለ ቀን ላይ ባለ ኮፍያው መጣ። አክስቴ ቦርሳውን ይዛ በሩ አጠገብ ቆመች። አባዬ በአዲሱ ሽቦ የተበጀውን ምድጃ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እታለም ሰካችው።

መርፌዋ ተነሳች። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት ላይ ስትደርስ አባዬ እጁን አነሳ፣ ሊስቅ ሲል እሷ አምስትን አልፋ ሄደች። ስድስትንም አለፈች። ሽቦው ቀላ፤ ከቅላት ወደ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ወደ ቢጫ ተለወጠ፤ እንዲህ ሲያምር አይቼ አላውቅም። ልጮህ አፌን ስከፍት ግድግዳው ላይ ጧ አለ። ፊውዙ ሄደ። ሽቦው እየጠቆረ፣ እየተንጣጣ፣ ሞተ።

«ትናንት ለውሃው ያዝንለት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ሊበቀለው ተነሳ» አለ ባለ ኮፍያው።

አባዬ ወደ እታለም ዞረ። «አሥራ ስድስት ነው ያልሺኝ።»

«አሥራ ስድስት ነው።»

«እኔም አሥራ ስድስት ነው የቆረጥኩት። ታዲያ ቁጥርሽ…» አልጨረሰውም።

የእታለም ፊት ሲገረጣ አየሁ። ጠመኔውን አነሳች። «መርፌዋ ስድስት ከሩብ ላይ ነበረች» አለች ለራሷ፤ ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። «ሁለት መቶ ሃያ ለስድስት ከሩብ… ሠላሳ አምስት ከትንሽ። አርባ አራት መሆን ሲገባው። አሁንም ከአምስት እጅ አንዱ ጎድሏል። ልክ ከአምስት አንዱ።» ቀና አለች። ጠመኔውን አስቀመጠች። «ክንዴ፣ እስቲ ነይ። እንዴት እንደለካሽ አሳዪኝ።»

ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁ። ሳልፈልግ፣ ከፍርሃቴ የተነሳ፣ እጄ በራሱ ተጨበጠ።

«እጅሽን ለምን ጨበጥሽው?»

«አትጣሉኝ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ግን ካልኩ፣ ተደብቄ መስማቴ ሊታወቅ ነው። ካልኩ፣ የአባዬ አምስት ዓመት ሊነሳ ነው። ዝም አልኩ። እታለም ጠበቀች። ዝም አልኩ።

«ሽቦውን በቡጢ ልትመታው አስባ ነዋ» አለ ባለ ኮፍያው፤ አክስቴ ሳቀች፣ አባዬም ሳቀ።

እታለም አልሳቀችም። ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታቻቸው፤ መጀመሪያ ትንሿን፣ መጨረሻ አውራ ጣቴን። መዳፌን በመዳፏ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። «አባዬ፣ እንደገና። አሁን ዓይንህን ገልጠህ።»

አሥራ ስድስት ለካን፤ እኔ እየጠራሁ፣ አባዬ ዓይኑን አፍጦ፣ ባለ ኮፍያው ሳይቀር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮን ሲቆጥር። አባዬ አዲስ ፊውዝ ተከለ። ሽቦው ተጠቀለለ፣ ቦዩ ውስጥ ተኛ፣ ሶኬቱ ተሰካ። መርፌዋ ተነሳች። ሦስት። አራት። አምስት። አምስት ላይ ስትደርስ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ሴት ረጋ አለች። አልተነቃነቀችም።

«አንድ ሺህ አንድ መቶ ዋት» አለች እታለም፤ ድምፁ ከአፏ ሳይሆን ከሆዷ ነው የወጣው።

ውሃ ጣድን። አምስታችንም ድስቱን ከበን እንደ ሕፃን ፊት እናየው ነበር። አረፋው ከስር ተነሳ፣ ክዳኑ ተንቀጠቀጠ፣ እንፋሎቱ የባለ ኮፍያውን ፊት መታው። ባለ ኮፍያው ኮፍያውን አወለቀ። ጸጉር እንዳለው ያወቅነው ያን ቀን ነው።

«አሥራ ሁለቱም ያንተ ናቸው» አለው አባዬን። እታለምን በኮፍያው እያመለከተ ደግሞ፣ «እኔ ብሆን ይቺን ልጅ ምድጃ ስር አላስቀራትም» አለ።

እኔ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሽቦው ተሠርቷል፤ በእኔ ክንድ ተሠርቷል፤ ከእንግዲህ ማን ያባርረኛል? እየዘለልኩ ጠረጴዛውን እዞር ነበር። አባዬ ከፊቴ ቁጢጥ አለ።

«ክንዴ፣ ከአክስትሽ ጋር ትሄጃለሽ፣ አይደል?»

የጠረጴዛውን እግር በሁለት እጄ አቀፍኩ። «አልሄድም።»

«ቤቷ እኮ ሰፊ ነው።»

«አልሄድም።»

«ምን ሆነሻል የኔ ልጅ? እዚያ የምታገኚው…»

ምን እንደማገኝ አልሰማሁትም፤ ጩኸቴ ዋጠው። «አልሄድም፣ አልሄድም» እያልኩ የምጮኸው ሌላ ነገር መናገር ስላልቻልኩ ነበር። ልላቸው የፈለግሁት «አላድግም» ነው።

አባዬ ተነሳ። ልጅ ሲያለቅስ አንጀቱ አይችልም፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ ደግሞ ጨርሶ አይችልም። «በግድማ አላስወስዳትም» አለ።

«እና ቦታው ባዶ ይቅር?» አለች አክስቴ። «ለዓመቱ ለሌላ ይሰጡታል።»

አባዬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጠመኔ ጽሑፍ ያይ ነበር። አንዲት ቁጥር ማንበብ የማይችል ሰው፣ እያንዳንዷን መስመር በጣቱ እየተከተለ። ከዚያ ጣቱን አርባ አራት ላይ አሳርፎ፣

«አንቺ ሂጂ» አላት እታለምን።

«አባዬ፣ ሽቦውን ማን…»

«ክንድ አለኝ» አለ።

አውቶቡሱ ሊነሳ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር የቀረው። እታለም ልብሷን ለማዘጋጀት አልሄደችም። ከዕቃ ሳጥን ላይ ጣውላ ነቀለች፤ የተዘረጋ ክንዴን ላዩ ላይ አስተኝታ በእርሳስ አሰመረች፤ በመጋዝ ቆረጠችው። ከዚያ ቀጭኑን ብረት እሳት እስኪመስል አግላ ጣውላው ላይ መጻፍ ጀመረች። ጭሱ ዓይኗን ያስለቅሳታል። ሦስት መስመር ጻፈች። እኔ ጭረቱን ብቻ አየሁ።

«ይህ ከእንግዲህ አይረዝምም» አለችኝ። «አሥራ ስድስት ጊዜ፣ እሺ? ቀሪውን ስታነቢው ታገኚዋለሽ።»

ቦርሳው ውስጥ ያለውን ልብሴን አወጣች፤ የራሷን አስገባች። ደብተርና እርሳሱን እዚያው ተወቻቸው። አዲሱ ቀሚስ ለእሷ አልሆናትም፤ ለእኔ ቀረ። ወዲያው ለበስኩት። አባዬም የእኔ፣ ሱቁም የእኔ፣ ቀሚሱም የእኔ። ሁሉን ያሸነፍኩ መስሎኝ እስከ አውቶቡሱ ድረስ እየዘለልኩ ሸኘኋት። ስማኝ አውቶቡሱ ውስጥ ገባች። እያለቀሰች ነበር፤ የብረቱ ጭስ መሰለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ያነበበልን ባለ ኮፍያው ነው። «ለትንሿ ተይዞ የነበረው የትምህርት ቤት ቦታ ለእኔ ሆነልኝ፤ ስምንተኛን እዚሁ ጨርሼ ዘጠነኛ ክፍል አስገቡኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። አባዬ ወደ ውጭ ወጣ። እኔ የለበስኩትን ቀሚስ አየሁት፤ እጅጌው አጥሮኝ ነበር። በሚመጣው ዓመት ተባለ። የሚመጣው ዓመት መጣ። አባዬ ግን ብቻውን ነበርና ሁለተኛ እጁ ሆንኩ፤ በኋላ ዓይኑ ሲደክም ዓይኑም ሆንኩ። ማንንም አልወቅስም። በዚያች ጣውላ ስንት ምድጃ እንደሠራሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ አንዱም አልለገመም።

እነሆ፣ ባለፈው ወር የጎልማሶች አስተማሪያችን ሦስት አሃዝ ያለውን ቁጥር ማካፈል አስተማረን። ቤት ስገባ ትልቋ ልጄ የቤት ሥራዋን ዘርግታለች። «እማዬ፣ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፣ አምስት አምፔር፤ ሬዚስታንሱን አስሉ ይላል» አለችኝ፤ እየጠየቀችኝ አይደለም፣ እየነገረችኝ ነው። እርሳሷን ተቀበልኳት። ሃያ ሁለትን ለአምስት፣ አራት፤ ሁለት ተረፈ፤ ዜሮውን አወረድኩ፤ ሃያን ለአምስት፣ አራት። አርባ አራት። «ኦም» አልኩ። ልጄ አፏን ከፍታ ቀረች። እኔ ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላደርግ ወደ ሱቁ ሮጥኩ።

ጣውላውን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩት። የሠላሳ ሁለት ዓመት ቅባትና አቧራ ነበረው። በቀሚሴ ጠረግሁት። በየቀኑ የጨበጥኩት፣ አንድም ቀን ያላነበብኩት። የመጀመሪያው መስመር፣ 220 ÷ 5 = 44። ሁለተኛው፣ 220 × 5 = 1100። ሦስተኛው ፊደል ነው፤ ጣቴን እያስኬድኩ፣ እየቆጠርኩ እንደምለካ ሁሉ፣ አንድ በአንድ አነበብኩት።

ክንድሽ እንደ ልቡ ይደግ።

ቁጭ አልኩ። ከዚያ ስልኬን አነሳሁ።

«እታለም።»

«ወይ፣ ክንዴ።»

«ጣውላውን አነበብኩት።»

ሳቀች፤ ስትስቅም አለቀሰች። «ታዲያ አሁን ንገሪኝ» አለች። «ያን ቀን እጅሽን ለምን ጨበጥሽው?»

«ክንዴ ስላደገ የምትጥሉኝ መስሎኝ። እንዲያጥር ብዬ።»

«እኔኮ» አለች፣ «በቁጥሬ የቀናሽብኝ መስሎኝ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ራሴን ስጠይቅ የሄድኩት ይህን ነው።»

ብዙ አወራን። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለሚያማት ጉልበቷ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጣውላውን ወደ ሚስማሩ መለስኩት፤ አንድ ሽቦም ዘረጋሁ፤ የሚጠብቅ ደንበኛ ነበረኝና። አንድ። ሁለት። ሦስት።

የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ያን ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ተነሳ። እታለም ሄደች። እኔ ቀረሁ።